ስለ ፕሮስቴት ዕጢ ናሙና አወሳሰድና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተነገረ)



ዛሬ እዚህ የቆምነው ስለ መዋጮና ስለ ሒሳብ ለመናገር አይደለም። ሒሳቡን የሒሳብ ሹሙ አሰምቶናል። እኛ የምንናገረው ወንዶች እርስ በርሳችን እንኳ ለመጨዋወት ስለምናፍርበት አንድ ሕመም ነው። ሴቶችም ብትሰሙት መልካም ነው፤ ባል ሲደብቅ የምታውቀው ሚስት ናትና።

አስቀድመን አንድ ነገር ለመግለጥ እንወዳለን። እኛ ሐኪም አይደለንም። ትምህርታችንም ከ6ኛ ክፍል አላለፈም። በእህል መጋዘን ጸሐፊነት ኖረን በጡረታ የተገለልን፣ ዕድሜያችን 66 የሞላ ሰው ነን። የምንነግራችሁ ከሐኪም ጠይቀን የተረዳነውን፣ አንባቢ ልጆች አንብበው ያስረዱንንና በራሳችን ገላ ላይ የደረሰውን ነው።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ጥቅምት አንድ የእድራችንን አባል ቀብረናል። ቤተ ሰባቸው እዚሁ ስላለ ስማቸውን አናነሣም፤ ይህን እንድንናገር ግን ፈቅደውልናል። እኒህ ሰው ሁለት ዓመት ያህል በሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ሲነሡ «የእርጅና ነው» ይሉ ነበር። ቆይቶ ወገባቸውን ሲቆርጣቸው ወጌሻ አሻቸው። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «ከፕሮስቴት ዕጢዎ ናሙና ይወሰድ» ተባሉ። እርሳቸው ግን «ብረት ከነካው ይዛመታል» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የቆዩት ዐሥር ወር ነው።

ለድንኳኑ፣ ለሳጥኑ፣ ለንፍሮውና ለቡናው የወጣው ብር በመዝገብ ሲጻፍ አጠገብ ተቀምጠን ነበር። ያን ያህል ብር ሰውየው በሕይወት ሳሉ ለመሳፈሪያና ለምርመራ ቢሰጣቸው ኖሮ ይበቃ ነበር። ይህን ካየን በኋላ ዝም ማለት አልቻልንም።

እንግዲህ ይህ ፍርሃት ከየት መጣ? እንደ እኛ ዕድሜ ያላችሁ ሰዎች «ፕሮስቴት» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማችሁት መቼ እንደሆነ እስቲ አስቡ። እኛ የሰማነው በልጅነታችን በሬዲዮ ነው። ነሐሴ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለፈው ቀን መሞታቸው ሲነገር፣ መንግሥት ያወጣው መግለጫ ሞታቸውን ከፕሮስቴት ሕመምና ከተደረገላቸው ቀዶ ሕክምና ጋር አያያዘው። ሰፈሩ ሁሉ «ፕሮስቴት ምንድን ነው?» እያለ ሲጠያየቅ ትዝ ይለናል። መልሱን የሚያውቅ ባይኖርም ንጉሥ የገደለ በሽታ፣ ንጉሥ የገደለ ኦፕሬሽን ተብሎ በልባችን ቀረ።

ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። የቀዶ ሕክምናው ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ያን መግለጫ ሳይቀበሉት ቀርተዋል። ደርግ ከወደቀ በኋላም በባለሥልጣኖቹ ላይ በፍርድ ቤት የቀረበው ክስ ንጉሠ ነገሥቱ ታፍነው ተገደሉ የሚል ነው። እንግዲህ ዕጢውም ሐኪሙም ባልሠሩት ሥራ ሲከሰሱ ኖረዋል ማለት ነው። እኛም ያልተጣራ ወሬ ይዘን ሃምሳ ዓመት ፈራን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የፕሮስቴት ዕጢ ወንድ ሁሉ ያለው ነገር ነው። ከሽንት ፊኛ ሥር፣ ከፊንጢጣ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሽንት ቧንቧውን እንደ ቀለበት ይከበዋል። ሰው ሲያረጅ ዕጢው ይፋፋል፤ ሲፋፋ ቧንቧውን ያጠብበዋል። ሌሊት መነሣት፣ ማማጥ፣ መንጠባጠብ የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህ ብቻውን ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ያለበት ተራው የዕጢ መፋፋት ነው። ካንሰሩ ደግሞ በጅማሬው ምንም ምልክት ላይኖረው ይችላል። አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ወገብ የሚቆርጠው። ስለዚህ በስሜት ብቻ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም።

ሐኪም በመጀመሪያ በጓንት ጣቱን አስገብቶ ዕጢውን ይዳስሳል። ይህ የሚያሳፍር ቢመስልም ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ቀጥሎ ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባል የደም ምርመራ ያዛል። በተለምዶ ከ4 በላይ ሲሆን ይጠረጠራል። ነገር ግን ተጠረጠረ ማለት ተፈረደበት ማለት አይደለም። ቁጥሩ ከ4 እስከ 10 ከሆኑት ሰዎች ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራቱ አንዱ ያህል ናቸው። ተራው የዕጢ መፋፋትም፣ የሽንት ቧንቧ ቁስለትም፣ ካቴተር መግባትም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ቁርጡን የሚናገረው ናሙናው ብቻ ነው። ናሙና መውሰድ ማለት በቀጭን መርፌ ከዕጢው ላይ እንደ ክር የቀጠነ ሥጋ እየነቀሉ አውጥቶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው፤ ባዮፕሲ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ይህን በሥራችን እንመስለው። በመጋዘን ሳለን አንድ ጆንያ ማሽላ ሲመጣ ነቀዝ እንዳለበት ለማወቅ ጆንያውን አንዘረግፈውም። ጫፉ የሾለ ክፍት ብረት ሰክተን ከውስጡ ጥቂት ፍሬ እናወጣለን። አንድ ቦታ ብቻ የወጋ ሰው ይታለላል፤ ነቀዙ በወዲያኛው ጥግ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ከላይም፣ ከመካከልም፣ ከጥግም ይወጋል። የዕጢውም ነገር እንዲሁ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በአልትራሳውንድ እያዩ ከስድስት የተወሰኑ ቦታዎች መውሰድን አስተማሩ። ስድስቱ እንደማይበቁ ስለታየ ዛሬ የተለመደው 12 ያህል ነው። «ዐሥራ ሁለት ጊዜ ተወጋሁ» የሚል ሰው ብትሰሙ አትደንግጡ፤ የተሟላ ሥራ ተሠርቶለታል ማለት ነው።

መርፌው የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው በፊንጢጣ በኩል ነው። የአልትራሳውንዱ መሣሪያ በዚያው ይገባል፤ መርፌውም የአንጀቱን ግድግዳ አልፎ ዕጢውን ይወጋል። ቶሎ ያልቃል፣ ብዙ ሆስፒታሎችም ለምደውታል። ጉዳቱ ግን መርፌው በሰገራ መንገድ ስለሚያልፍ ተሕዋስያንን ወደ ዕጢውና ወደ ደም ሊያስገባ መቻሉ ነው።

ሁለተኛው በብልትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ በኩል ነው። ቆዳው በመድኃኒት ይጸዳል፣ በማደንዘዣ ይደነዝዛል፣ መርፌው ሰገራ ሳይነካ ይገባል። ከዚያም በላይ በመጀመሪያው መንገድ በቀላሉ የማይደረስበትን የዕጢውን የፊት ክፍል ያገኘዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. የታተመ በእንግሊዝ አገር በ1126 ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት ሁለቱን መንገዶች አወዳድሯል። ሕክምና የሚያሻው ካንሰር በቆዳ በኩል ከተወሰደላቸው ከመቶ 60 በሚሆኑት ሲገኝ፣ በፊንጢጣ በኩል ከተወሰደላቸው ከመቶ 54 በሚሆኑት ተገኝቷል። በኢንፌክሽን ምክንያት ሆስፒታል የተኙት ደግሞ በፊንጢጣው መንገድ ከመቶ 2 ያህል፣ በቆዳው መንገድ ከመቶ 1 እንኳ አልሞሉም። የአውሮፓ የሽንት አካላት ሐኪሞች ማኅበርም ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቆዳውን መንገድ ያስቀድማል። ይሁን እንጂ በቅርብ የሚገኘው የፊንጢጣው መንገድ ብቻ ከሆነ «ያኛው ካልሆነ አልወሰድም» ብሎ መመለስ ስሕተት ነው። በጥንቃቄ ከተሠራ እርሱም ይሠራል።

ኤምአርአይ የሚባልም መሣሪያ አለ። ከመርፌው በፊት ዕጢውን ፎቶ አንሥቶ የሚያጠራጥረውን ቦታ ያሳያል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ በ11 አገሮች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ አስቀድመው በኤምአርአይ ከታዩት ወንዶች ከመቶ 28 የሚሆኑት መርፌው ሳያስፈልጋቸው ቀርቷል። ዋጋው ከባድ ነው፤ አቅም ያለው ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ።

አሁን «ብረት ከነካው ይዛመታል» ወደሚለው ነገር እንመለስ። እኛም ይህንኑ ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠየቅነው። የመለሰልን እንዲህ ነው፤ በፕሮስቴት ናሙና ምክንያት ካንሰር በመርፌው መንገድ መዝራቱ እጅግ ብርቅ ነው፤ በየአገሩ በብዙ ሚሊዮን ወንዶች ላይ ተሠርቷል። ሰው እንዲያ የሚለው ብዙዎች ናሙና የሚሰጡት ከረፈደ በኋላ ስለሆነ ነው። ከወር በኋላ ሲሞቱ «መርፌው ገደለው» ይባላል። መርፌው የነገረን ነቀዙ ጆንያውን እንደጨረሰ ነው፤ ነቀዙን ግን መርፌው አላመጣውም።

ሆኖም መርፌው ምንም ችግር የለበትም ብለን አንዋሻችሁም። ችግሩን በራሳችን ገላ አይተነዋልና። ይህንን እስከ ዛሬ ለጉባኤው አልተናገርንም።

በ2016 ዓ.ም. የእኛም ፒ.ኤስ.ኤ. ከፍ ብሎ ተገኘ። ወደ አዲስ አበባ ተጻፈልንና በፊንጢጣ በኩል ናሙና ተወሰደልን። በማደንዘዣ ስለሆነ ሕመሙ የሚቻል ነበር፤ መሣሪያው ቀጭ ባለ ቁጥር መደንገጥ ብቻ ነው። በማግስቱ «ምን አለብን» ብለን አውቶቡስ ተሳፍረን ጣርማ በርን ተሻግረን፣ ደብረ ሲናን ወርደን ቤታችን ገባን። በሁለተኛው ሌሊት ብርድ ብርድ አለንና ተንቀጠቀጥን። ቆላ አይደለን እንዴ! «ወባ ናት» አልን። ከዚህ ቀደም የተረፈ የወባ ክኒን ነበረን፣ ዋጥን፣ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርበን ተኛን። ሲነጋ ግን አፋችን ተሳሰረ። ልጃችን እየጮኸች በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችን። ደማችን ሲመረመር ወባ የለበትም፤ ከናሙናው የገባ ተሕዋስ በደማችን ተሰራጭቷል። ስድስት ቀን በግሉኮስና በመርፌ ተኝተን ዳንን። ሐኪሙ እንደነገረን አንድ ቀን ብንዘገይ ኖሮ ዛሬ ይህን ቃል የሚያሰማችሁ ሌላ ሰው ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው? የእኛ ነው። ሽንት ባቃጠለን ቁጥር ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ሲፕሮ እየገዛን እንውጥ ነበር። ከናሙናው በፊት «በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስደዋል?» ስንባል «አልወሰድንም» አልን። ያ መድኃኒት ደጋግሞ የተወሰደበት ተሕዋስ ይለምደዋል፤ ለመከላከያ ቢሰጥም አይበገርም። እኛ ዋሽተን ሐኪሙን አሳሳትነው።

ስለሆነም ከደረሰብን ተምረን፣ ከሐኪምም ጠይቀን የሚከተለውን በጽሑፍ አዘጋጅተናል። እያንዳንዱ አባል ቤቱ ወስዶ ያስቀምጠው።

1ኛ/ ከናሙናው በፊት ሁሉን ተናገሩ። ስኳር በሽታ ካለባችሁ፣ ባለፉት 6 ወራት አንቲባዮቲክ ከወሰዳችሁ ወይም ሆስፒታል ከተኛችሁ፣ መድኃኒት የማይስማማችሁ ከሆነ፣ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ ወይም አስፕሪን የምትወስዱ ከሆነ አትደብቁ። ደም ማቅጠኛውን ግን ሐኪም ሳያዛችሁ በራሳችሁ አታቁሙ፤ እርሱም ሌላ አደጋ አለው።

2ኛ/ ሽንታችሁ አስቀድሞ ይመርመር። ኢንፌክሽን ካለበት መጀመሪያ ይታከማል፤ ናሙናው ቆይቶ ይወሰዳል።

3ኛ/ «በየትኛው መንገድ ነው የሚወሰደው? በፊንጢጣ በኩል ከሆነ በአዮዲን ይጸዳል ወይ? የትኛው አንቲባዮቲክ ይሰጣል?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። በአዮዲን ማጽዳቱ ዋጋው ርካሽ ሲሆን ኢንፌክሽን የሚቀንስ ነው። መጠየቅ ነውር አይደለም።

4ኛ/ ናሙና በተወሰደ ማግስት መንገድ አትጀምሩ። ቢቻል ሁለት ሦስት ቀን ዘመድ ቤት፣ ሆስፒታል አጠገብ ቆዩ። መንገዳችን ሩቅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የሚዘጋ መሆኑን ታውቃላችሁ።

5ኛ/ ለጥቂት ቀናት በሽንትና በሰገራ ትንሽ ደም ቢታይ አትደንግጡ። በወንድ ዘር ላይ ደግሞ ለሳምንታት ሊታይ ይችላል፤ ይጠፋል። ውኃ ጠጡ፣ ከባድ ሸክም አታንሡ።

6ኛ/ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ብርድ ብርድ ካለ፣ ሽንት እምቢ ካለ፣ ወይም የረጋ ደም በብዛት ከወጣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ። «ናሙና ተወስዶልኛል» ብላችሁ መጀመሪያ ተናገሩ። ከናሙና በኋላ የመጣ ብርድ ወባ ነው ተብሎ እቤት አይታከምም። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ድካማችን ከንቱ አይሆንም።

7ኛ/ ይህ ደግሞ የጸሐፊ ምክር ነው። ናሙናው በፎርማሊን ጠርሙስ ተደርጎ ለቤተ ሰብ ተሰጥቶ ወደ ላቦራቶሪ የሚወሰድበት ጊዜ አለ። ከእኛ ጠርሙሶች ሁለቱ ስም ሳይጻፍባቸው ተሰጥተውን ነበር። ሙያችን ነውና አየነው፤ አስጻፍነውም። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ስም፣ ቀን፣ «ቀኝ» ወይም «ግራ» የሚል መኖሩን ተመልከቱ። የሪፈር ወረቀታችሁን፣ የጤና መድን ደብተራችሁንና የውጤት ወረቀታችሁን ኮፒ አንሥታችሁ አስቀምጡ። የወረቀት መጥፋት የሰው መጥፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ውጤቱ ሲመጣ ምን ይላል? አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድ ግሊሰን በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጣው አሠራር ካንሰሩ ነጥብ ይሰጠዋል። ዛሬ ነጥቡ ከ6 እስከ 10 ነው። 6 ዝግተኛ ነው፣ 7 መካከለኛ ነው፣ ከ8 በላይ ፈጣን ነው። እኛስ? የእኛ 6 ሆነ። አዎን፣ ካንሰር ተገኝቶብናል። ሐኪሙ «አሁን መቁረጥም ማቃጠልም አያስፈልግም፤ በየስድስት ወሩ ደም እየተመረመሩ ይከታተሉ» አለን። ይኸው እንደምታዩን እንሄዳለን፣ እንመጣለን፣ ለቅሶም እንደርሳለን። ነጥቡ ከፍ ያለበት ሰውም ተስፋ አይቆርጥም። ቀዶ ሕክምና አለ፣ የሆርሞን መድኃኒት አለ፣ የጨረር ሕክምናም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከጀመረው ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን ሁሉም የሚሠራው ሰው በጊዜ ሲደርስ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ወደ እድራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ የካንሰር ሕሙማን መዝገብ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ይያዛል። በእኛ እድር መዝገብ ግን ሰው ምን እንደገደለው ሲጻፍ «በሕመም» ተብሎ ብቻ ያልፋል። ከዚህ ውስጥ ስንቱ በጊዜ ቢታይ ይድን እንደነበር ማን ያውቃል? በ2013 ዓ.ም. ከተማችን ስትቃጠል የደረሰብንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያን ማስቀረት በእጃችን አልነበረም። ይህኛው ግን በከፊል በእጃችን ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ሐኪም ሪፈር የጻፈለት አባል የመሳፈሪያና የምርመራ ገንዘብ ቢያጥረው፣ ከእድሩ ካዝና በብድር ተሰጥቶት ቀስ እያለ ከመዋጮው ጋር እንዲከፍል። ሁለተኛ፣ ለሕክምና ሩቅ አገር የሚሄድን አባል የሚያጅብ አንድ ሰው ከጎረቤት እንዲመደብ። ለቅሶ ስንቀመጥ ተራ እናወጣ የለም እንዴ? ለታማሚም ተራ ብናወጣ ምን ይከብደናል? በእድራችን ክርስቲያኑም እስላሙም አለ። ሳጥንም ከፈንም ለመግዛት አንድ ላይ አዋጥተናል። ሰው ሳይሞት ለማዳን ማዋጣት ከዚህ አይከብድም።

ሐሳባችንን ጉባኤው ቢቀበለው በቃለ ጉባኤ ይጻፍልን። ባይቀበለውም ከ50 ዓመት በላይ የሆናችሁ ወንዶች፣ አባታችሁ ወይም ወንድማችሁ በዚህ ሕመም የተያዘባችሁ ደግሞ ከ45 ዓመት ጀምሮ፣ ሐኪም ዘንድ ቀርባችሁ ስለ ምርመራው ጠይቁ። ብቻዬን አፍራለሁ የሚል ካለ ቤታችን ይታወቃል። እኛ አብረነው እንሄዳለን፤ መንገዱን ለምደነዋል።

 ፈጣሪ ለሁላችን ጤና ይስጠን።